ኩል ጃዝ ምንድን ነው? «ቀዝቃዛ» የሚለው ትርጉም የሚያሳስተን ነገር

አንድ ጓደኛዬ የአንድ ካፌን የምሽት ፕሮግራም ማስታወቂያ አሳየኝ። «የኩል ጃዝ ምሽት» ይላል። የተዘረዘሩትን ዜማዎች አንድ በአንድ አየሁ፤ አንድም ኩል ጃዝ የለባቸውም። ከኋላ በተነጠፈ የኪቦርድ ማጀቢያ ላይ በሶፕራኖ ሳክስፎን የሚነፉ የታወቁ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው። እሱን አለፍኩት። ማለፍ ያቃተኝ በዚያው ሰሞን በሬዲዮ የሰማሁት አንድ ተንታኝ ነው። ኩል ጃዝን «ቀዝቃዛ ጃዝ» ብሎ ተረጎመው፤ ስሜት የማይበዛበት፣ ሰው እየበላና እያወራ የሚሰማው ሙዚቃ እንደሆነም አስረዳ። ለምሳሌ ያነሳው ደግሞ ለተማሪዎቼ ጊታር ማጀብ ሳስተምር ከሁሉ አስቀድሜ የማሰማውን አልበም ነው።

አልበሙ «ፈርስት ፕሌስ አጌን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1959 ኒውዮርክ ውስጥ ተቀርጾ በዋርነር ብራዘርስ ታተመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፖል ዴዝመንድ አልቶ ሳክስፎን ይነፋል፣ ጂም ሆል ጊታር ይጫወታል፣ ፐርሲ ሂዝ ኮንትራባስ፣ ኮኒ ኬይ ድራም። ፒያኖ የለም። ይህ «ፒያኖ የለም» የሚለው ነገር ለእኔ የአልበሙ ግማሽ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ቃሉን እናስተካክል። በእኛ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ሰው» ስንል ጉዳዩ የማይሞቀው፣ ሰላምታው እንኳን የማይደርስ ሰው ማለታችን ነው። «ረጋ ያለ ሰው» ስንል ግን ሌላ ነው። ረጋ ያለ ሰው ይናደዳል፣ ይወዳል፣ ያዝናል፤ ነገር ግን ቃሉን መርጦ፣ ድምፁን ሳይጮህ ያወጣዋል። እንዲያውም ድምፁ ዝቅ ሲል ነው ቤቱ ጸጥ የሚለው። ኩል ጃዝ ውስጥ ያለው «ኩል» ይህ ሁለተኛው ነው። ልዩነቱ ስሜቱ በሚያዝበት መንገድ ላይ ነው እንጂ በስሜቱ መጠን ላይ አይደለም። ከፍጥነት ጋርም አይገናኝም። ይኸው አልበም ራሱ ሲከፈት በዝግታ አይከፈትም፤ እየተራመደ፣ ስዊንግ እያደረገ (በጃዝ በሚወዛወዘው ምት) ነው የሚገባው።

ታሪኩን ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ጊዜ ስለተጻፈ። ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በ1949 እና በ1950 የዘጠኝ ሙዚቀኞች ቡድን ይዞ ካፒቶል ለሚባለው የሸክላ ኩባንያ ቀረጸ፤ ጄሪ መሊገን፣ ሊ ኮኒትዝ፣ ጆን ሉዊስና አቀናባሪው ጊል ኤቫንስ አብረውት ነበሩ። ፍሬንች ሆርንና ቱባ የሚባሉ የነሐስ መነፊያዎች ገብተውበት ድምፁ ለስላሳና ወፍራም ሆነ። «የኩል ልደት» የሚለው ርዕስ ግን የተሰጠው ሥራዎቹ በ1957 በአንድ ሸክላ ሲሰበሰቡ ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ ኩል ጃዝ የሚባል ነገር ልንወልድ ነው አላሉም። ዴቪስ ቢቦፕን (ፈጣንና ውስብስብ የሆነውን የ1940ዎቹን ጃዝ) ካስጀመሩት አንዱ ከሆነው ከአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር ቡድን የወጣ ነው፤ ከድራም ተጫዋቾቹ አንዱ ማክስ ሮች ደግሞ የቢቦፕ ምሰሶ ነው። ስለዚህ ኩል የቢቦፕ ጠላት ሆኖ ተነሳ የሚለውም ወሬ መሠረት የለውም። የድምፁን ሥር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወደ 1930ዎቹ ሄዶ ከካውንት ቤሲ ባንድ ጋር ይጫወት የነበረውን ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ሌስተር ያንግን ይስማ።

ያ ተንታኝ ኩል ጃዝ የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ነጮች ሙዚቃ እንደሆነም ተናግሯል። ለዚህ መልሱ እዚያው ባነሳው አልበም ውስጥ አለ። «ቱ ዲግሪስ ኢስት፣ ስሪ ዲግሪስ ዌስት» የሚባል ዜማ አለበት፤ የጆን ሉዊስ ድርሰት ነው። ሉዊስ በ1956 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲቀርጸው ሁለት ሙዚቀኞች ከምሥራቅ፣ ሦስት ከምዕራብ ነበሩ፤ ርዕሱ የመጣው ከዚያ ነው። ከምሥራቆቹ አንዱ ፐርሲ ሂዝ፣ ከምዕራቦቹ አንዱ ጂም ሆል ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ ከዴዝመንድ ኋላ ቆመው ያንኑ ዜማ እንደገና ተጫወቱት። ሂዝና ኬይ የሞደርን ጃዝ ኳርቴት (ኳርቴት የአራት ሰው ቡድን ነው) አባላት ነበሩ፤ ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፣ ያ ቡድንም የረጋ አጨዋወት ሲባል ቀድሞ የሚጠራ ስም ነው። ዜማው ደግሞ ብሉዝ ነው። ብሉዝን ያለ ስሜት መጫወት እንዴት እንደሚቻል እኔ አላውቅም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፣ ወደ ጊታሩ።

ዴዝመንድ ከ1951 እስከ 1967 የፒያኖ ተጫዋቹ የዴቭ ብሩቤክ ኳርቴት አባል ነበር። (ብዙ ሰው የብሩቤክ የሚመስለው «ቴክ ፋይቭ» የዴዝመንድ ድርሰት ነው፤ ከዚህ አልበም ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ፣ በዚያው ክረምት ነው የተቀረጸው።) በራሱ ስም ሲቀርጽ ሌላ ፒያኖ ተጫዋች እንደማይዝ ለብሩቤክ ቃል ገብቶለት ነበር። ስለዚህ ጊታር የመጣው ከግዴታ ነው ማለት ይቻላል። የብሩቤክ ፒያኖ ከባድ ነው፤ በሁለት እጅ ሙሉ የሚደፋ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)። ዴዝመንድ በዚያ ላይ ተንሳፍፎ ይነፋ ነበር። ጊታር ላይ ግን ስድስት ክር ብቻ ነው ያለው፤ ጂም ሆል ደግሞ ስድስቱንም አይነካም። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ የኮርዱን ሦስተኛና ሰባተኛ (የኮርዱን ዓይነት የሚለዩትን ድምፆች)፣ ካስፈለገም አንድ ጌጥ። መነሻውን ድምፅ ሂዝ በኮንትራባሱ ይዞታልና አይደግመውም። እዚህ ላይ ለጊታር ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል፦ ቤዝ ተጫዋች ባለበት ወፍራሞቹን ሁለት ክሮች አትንኩ። ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ይህ አጃቢነት ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በስልክ ወሬ ነው። ለሰው ረጅም ነገር በስልክ ስታወሩ ወዲያ ያለው ምን ይላል? «እ…»፣ «እህ»፣ «ኧረ!»፣ «ከዚያስ?»። እህ ባዩ አንድም ቁም ነገር አልተናገረም። ነገር ግን ዝም ካለ ባለወሬው ታሪኩን ትቶ «ሀሎ? አለህ?» ማለት ይጀምራል። ወሬውን የተሸከመው ያ «እህ» ነበር። ቦታውን ስቶ፣ አሳዛኙ ነገር ሳይደርስ «ኧረ!» ካለ ወሬው ይበላሻል። ቶሎ ቶሎ ካለው ደግሞ «ጨርስልኝ» የሚል ይመስላል። ሌላ ነገር እየሠራ የሚል ሰው «እህ» ወዲያው ያስታውቃል፤ ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት አጭር «አዎ» ደግሞ አለች፤ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፣ ግን ተናጋሪውን አንድ እርምጃ ወደፊት ትገፋዋለች።

የጂም ሆል ጊታር ይኸው ነው። ዴዝመንድ ሐረግ ጨርሶ ሲተነፍስ አንዲት አጭር ኮርድ ትመጣለች፣ ከዚያ ዝም። ሐረጉ ሲረዝም ጊታሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ትጠብቁታላችሁ፣ አይመጣም፣ ልክ ስትረሱት ይመጣል። ምሳሌዬን ልግፋበትና፣ የሂዝ ኮንትራባስ ስልኩ ራሱ ነው፤ እሱ ከተቋረጠ ሁሉም ተቋረጠ። የኮኒ ኬይ ድራም ደግሞ እየተራመደ የሚያወራ ሰው ኮቴ ነው። የጊታር ሶሎ ሲደርስ እህ ባዩ ባለወሬ ይሆናል፤ ሲናገርም ሲሰማ እንደነበረው ቆጥቦ ነው።

ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ፤ ይህን ካልተናገርኩ ሙያዬን አጎድላለሁ። በስልክ እህ ባዩ ወሬው የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ጃዝ ላይ ግን ያውቃል። የዜማውን 32 ባር (ባር የምት መለኪያ ክፍል ነው) ወይም የብሉዙን 12 ባር አራቱም በልባቸው ይዘውታል፤ ኮርዱ መቼ እንደሚቀየር ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ዴዝመንድ በየት በኩል ዞሮ እንደሚደርስ ነው። እንዲህ ያለው ትዕግሥት በአንድ ቀን አይመጣም። ሆል ወደዚህ አልበም የመጣው ከጂሚ ጁፍሪ ሦስትዮሽ ነው፤ ያ ቡድን በአንድ ወቅት ቤዝም ድራምም አልነበረውም። ምቱን የሚደግፍለት በሌለበት ስንት ድምፅ መተው እንደሚቻል ተምሮ ነው የወጣው።

ሳክስፎኑን በተመለከተ ተንታኙ የዴዝመንድን የታወቀ አባባል ጠቅሷል፤ እንደ ድራይ ማርቲኒ ለመሰማት ነበር የምፈልገው ያለውን። ከዚህ ተነስቶ «ቀዝቃዛ መጠጥ» አለ። ማርቲኒ ግን ጂን ነው፤ ጠንካራ አልኮል። «ድራይ» የሚባለውም ጣፋጩ ስለተቀነሰበት ነው እንጂ ኃይሉ ስለላላ አይደለም። የሳክስፎን ድምፅ ላይ ጣፋጩ ቫይብሬቶ ነው፤ በረጅም ድምፅ ላይ የሚጨመር መርገብገብ። ዴዝመንድ እሱን ወደ መጨረሻው ጠርዝ ገፍቶታል፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሊያልቅ ሲል ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከዚያም ያቺኑ አጭር ሐረግ ዝቅ አድርጎ ይነፋታል፣ ራሱን ጠይቆ ራሱ የሚመልስ ሰው ይመስላል። በዚያ ዘመን የአልቶ ተጫዋች ሁሉ ፓርከርን ሲከተል እሱ የራሱን ድምፅ ይዞ ቆመ፤ ፓርከርን ግን ያከብር ነበር፣ በ1954 በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርጎለታል።

የእኛ ጆሮ ይህን ድምፅ መጀመሪያ ላይ «ምን ጎደለው?» ቢል አይገርመኝም። ሳክስፎንን የለመድነው በሌላ በኩል ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ቴነር ሳክስፎን አምጥቶ ሲነፋ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ደረት ይመታል። እሱን ሰምቶ ያደገ ሰው ዴዝመንድን ሲሰማ ባዶ ቦታ ሊታየው ይችላል። ያ ባዶ ቦታ ግን ለጊታሩ የተተወ ነው። ቫይብሬቶ ቢሞላው ኖሮ የሆል ሁለት ድምፅ መግቢያ አያገኝም ነበር።

በማስታወቂያው ላይ የነበረው ሙዚቃ ስሙዝ ጃዝ ይባላል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ያስፋፉት ሌላ ነገር ነው፤ ማጀቢያው አስቀድሞ ሊሠራ ይችላል፣ ሳክስፎኑ ቢነፋም ባይነፋም አይለወጥም። ደግ ሙዚቃ ሊሆን ይችላል፤ በመውደዳችሁ አልከራከርም። ማወቅ የሚገባው፣ እዚያ ውስጥ እህ ባይ እንደሌለ ነው። ኩል ጃዝ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ሌላው ቀርቶ ይህን ብቻ ጠይቁ፦ አጃቢው ሌላውን እያዳመጠ እንደሆነ ከአጨዋወቱ ያስታውቃል?

የምታዳምጡበትን ነገርም አስቡበት። በስልክ ስፒከር የሂዝ ኮንትራባስ ጨርሶ ይጠፋል፤ ያኔ የሆል ኮርዶች መሠረት አጥተው ጎዶሎ ይመስላሉ። ጎዶሎው ስልኩ ነው። በማዳመጫ ስሙት። ጊታር የምትጫወቱ ደግሞ ያንን ለስላሳ ድምፅ ለማግኘት የጊታሩን ቶን ቁልፍ ዘግታችሁ አትሞክሩ። ሆል የያዘው ጊብሰን ኢኤስ 175 ነው፣ ሆዱ ክፍት የሆነ ጊታር፤ አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጎ የእንጨቱ ድምፅ ከኤሌክትሪኩ ጋር እንዲሰማ ያደርጋል። ልስላሴው ከእጁ ነው የሚመጣው። ይኸው እጅ በ1962 ከሶኒ ሮሊንስ ጋር «ዘ ብሪጅ» የሚባለውን አልበም ሠርቷል፤ የሮሊንስን ቴነር ሳክስፎን ደግሞ ማንም ቀዝቃዛ ሊለው አይደፍርም።

የብሩቤክ ኳርቴት በ1967 ሲበተን ያ የፒያኖ ቃል ኪዳንም አብሮ አበቃ። ዴዝመንድ በመሀል ከፒያኖ ጋር ቀረጸ፤ በ1970ዎቹ ግን ወደ ጊታር ተመለሰ፣ አሁን ማንም ሳያስገድደው። ሆል ካናዳዊውን ኤድ ቢከርትን ጠቆመው። ቢከርት የሚይዘው ቴሌካስተር ነው፣ የካንትሪ ሙዚቃ ተጫዋቾች የሚወዱት ድፍን ጊታር፤ ለጃዝ አይሆንም የሚሉት ዓይነት። በ1975 ቶሮንቶ ውስጥ ቦርበን ስትሪት በሚባል ክለብ የተቀረጹትን ሥራዎቻቸውን ፈልጉ። ዴዝመንድ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳን አልኖረም። ከጀርባ የሰው ጫጫታና የብርጭቆ ድምፅ አለ፤ ሳክስፎኑ ግን ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ቢከርትም ሐረጉ እስኪያልቅ ይጠብቃል።