አውሽዊትዝ-ቢርከናው፦ መቼ ይኬዳል?

ከፖላንዷ ክራኮቭ ወደ ምዕራብ በመኪና 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ኦሽቪየንቺም የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ጀርመኖች አገሪቱን በወረሩ ጊዜ ስሟን አውሽዊትዝ አሏት፤ ዓለም የሚያውቃትም በዚሁ ስም ነው። ናዚዎች ከ1940 እስከ 1945 ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢያንስ 1.3 ሚሊዮን ሰው እዚህ ወዳቋቋሙት የእስረኞች ካምፕ አግዘው 1.1 ሚሊዮን ያህሉን ገደሉ። ከተገደሉት 1 ሚሊዮን የሚሆኑት አይሁዳውያን ናቸው። የቀሩት ፖላንዳውያን፣ ሮማዎች (ቀድሞ ጂፕሲ ይባሉ የነበሩት ሕዝቦች)፣ የሶቪየት የጦር ምርኮኞችና ከሌሎች አገሮች የመጡ እስረኞች ነበሩ። የፖላንድ ፓርላማ በ1947 ቦታውን በሕግ ሙዚየምና መታሰቢያ አደረገው፤ ዩኔስኮ ደግሞ በ1979 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ዛሬ ወደዚህ ስፍራ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። በ2019 ከ2.3 ሚሊዮን በላይ፣ በ2024 ደግሞ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ገብቷል። ስለዚህ «መቼ ልሂድ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ችግሩ አብዛኛው ሰው ለጥያቄው መልስ የሚፈልገው የአየር ትንበያ ላይ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ የወጣ ሰው ለቅሶ ደረሰ አይባልም። አውሽዊትዝም የሚኬድበት ጊዜ መመረጥ ያለበት በዚህ ሚዛን ነው፤ ቆም ብሎ ስም ለማንበብ፣ ዝም ብሎ ለመቆም የሚያስችል ሰዓት የቱ ነው ተብሎ።

መታሰቢያው ሁለት ቦታ ነው፤ ጊዜ ለመምረጥም ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አውሽዊትዝ አንድ የሚባለው ቀድሞ የፖላንድ ጦር ሰፈር የነበረ፣ በቀይ ጡብ የተሠሩ ፎቅ ቤቶች የተደረደሩበት ግቢ ነው። ኤግዚቢሽኑ ያለው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሲሆን ደረጃዎቹና መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው። ቢርከናው (በፖላንድኛ ብዠዚንካ) ከዚያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በሁለቱ መካከል በነፃ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ። ይሄኛው 170 ሄክታር የሚሆን ገላጣ ሜዳ ነው። አብዛኛው ግድያ የተፈጸመውም እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጉብኝት የሚያበላሸው የሰው ብዛት ነው፤ ሁለተኛውን የሚያከብደው ደግሞ አየሩ። ሙዚየሙ ለሁለቱ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ተኩል እንዲመደብ ይመክራል። በእኔ ግምት ግን ከዚህ በእጥፍ ቢታሰብ ይሻላል፤ በሦስት ሰዓት ተኩል ሁሉን ማየት ቢቻልም መቆም አይቻልም።

የሰው ብዛት ምን እንደሚያበላሽ ለማየት ከጡብ ቤቶቹ አንዱ፣ ብሎክ 5፣ ይበቃል። ከተገደሉት ሰዎች የተወሰዱ ዕቃዎች የሚታዩት እዚያ ነው፤ መነጽሮች፣ ድስቶችና ሳህኖች፣ ሰው ሠራሽ እግሮች፣ ከመስታወት በስተጀርባ እንደ ኮረብታ የተከመሩ ጫማዎች። ሻንጣዎችም አሉ። ባለቤቶቻቸው የሚመለሱ መስሏቸው፣ ዕቃ እንዳይለዋወጥ ብለው፣ በነጭ ቀለም በትልቁ ስማቸውንና የትውልድ ቀናቸውን ጽፈውባቸዋል፤ የመጡበት ከተማም ተጽፎ ይነበባል፤ ፕራግ፣ ቪየና፣ ሃምቡርግ። አንዱን ስም አንብቦ፣ የትውልድ ዓመቱን ቀንሶ፣ «ይህ ልጅ ሲመጣ ስንት ዓመቱ ነበር?» ለማለት አንድ ደቂቃ ቢበቃ ነው። በነሐሴ ወር እኩለ ቀን ላይ ግን ያቺ ደቂቃ አትገኝም። የአንዱ ቡድን ጭራ ሳይወጣ የሌላው ራስ ይገባል፤ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው አስጎብኚ ወደ ቀጣዩ ክፍል አልፏል፤ ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ እንድታልፍለት እየጠበቀ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝነው የሴቶች ፀጉር ያለበት ክፍል፣ ፎቶ ማንሳት የማይፈቀድበት፣ እንደዚሁ በሰልፍ ይታለፋል።

ለዚህ መድኃኒቱ መጀመሪያ ሰዓት ነው፤ ወቅት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ወይም ከመዝጊያው በፊት ባሉት ሰዓታት የሚገባ ሰው፣ በአውሮፓ በጋም (ከጁን እስከ ኦገስት) ቢሆን፣ ከእኩለ ቀኑ ግርግር ይተርፋል። ከክራኮቭ የሚነሱት የአስጎብኚ ድርጅት አውቶቡሶች በብዛት የሚደርሱት ረፋድ ላይ ስለሆነ እዚያው ኦሽቪየንቺም ማደር ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ከክራኮቭ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃልና። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቲኬቱ ላይ 10፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። አውሮፓ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው እንኳ ከቤተሰብ ጋር በአማርኛ ሲነጋገር «በ10 ሰዓት ነው» ብሎ ሊያምታታ ይችላል። የተቀጠረበትን ሰዓት ያሳለፈ ሰው ደግሞ በተጨናነቁት ወራት ሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኝም።

መግቢያው ራሱ ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለአስጎብኚ ነው። ይሁን እንጂ ነፃም ቢሆን አስቀድሞ በኢንተርኔት፣ በመታወቂያ ወይም በፓስፖርት ላይ ባለው ስም መመዝገብ ያስፈልጋል። ያለ አስጎብኚ የሚገባባቸው ሰዓታት ጥቂት ናቸው፤ በተጨናነቁት ወራት እኩለ ቀን ላይ በአብዛኛው የሚገባው በቡድን፣ ከአስጎብኚ ጋር ነው። አስጎብኚዎቹ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ጣሊያንኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ያስረዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አስጎብኚ ቢይዝ እመክራለሁ፤ በተለይ ቢርከናው ላይ የሚያስረዳ ከሌለ የፈረሰ ጡብና ሣር ብቻ የሚታይበት ቦታ ብዙ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የሚመለስ ሰው ግን ለብቻው ይሂድ።

ወደ ወቅቱ ስንመጣ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ጊዜ ከሁሉ የተጨናነቀው ነው። አገር ቤት ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲወርድ እዚያ ፀሐይ የሚወጣበት፣ አውሮፓ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ከትምህርት የሚያርፉበት ወቅት ነው። ልጆች ያሏቸው ወላጆች ሌላ ምርጫ ላይኖራቸው ይችላል። ሙዚየሙ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይመጡ ይመርጣል፤ ልክ ነው እላለሁ። በበጋ የሚሄድ ሰው ቲኬቱን ከሳምንታት በፊት ይያዝ። ቢርከናው ላይ ጥላ የሚባል ነገር ከዳር ካሉት ዛፎች በቀር ስለሌለ ውኃና ባርኔጣ ያስፈልገዋል። በጎ ጎኑ ቀኑ ረጅም መሆኑ ነው፤ በእነዚህ ወራት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ይገባል፤ የገባ ሰውም ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ከግማሽ ያህል መቆየት ይችላል።

ክረምታቸው፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ማለት ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። አገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ በዲሴምበር እዚያ ከ10 ሰዓት በፊት መምሸቱን ብዙዎቻችን ልብ አንልም። የመጨረሻው መግቢያም በዚያ ወር ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ያበቃል። ጠዋት ያልገባ ሰው ቢርከናውን የሚያየው ሲጨልም ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ነፋሱን የሚመልስ ነገር የለም። በረዶ ሲሸፍነው ግን በበጋ በሣር የሚዋጠው ጎልቶ ይታያል። ከእንጨት የተሠሩት የእስረኞች ቤቶች አብዛኞቹ ጠፍተው የቀሩት የጡብ ጭስ መውጫዎች ብቻ ናቸው፤ በነጩ ሜዳ ላይ በመስመር ቆመው ካምፑ የቱን ያህል ሰፊ እንደነበረ ያሳያሉ። ለ52 ፈረሶች በተነደፈ ጋጣ ውስጥ ከ400 በላይ እስረኞች ይታጎሩ ነበር። ይህን አንብቦ ማወቅና መስመሩን በዓይን መቁጠር እኩል አይደለም።

«የእስረኞቹ ስቃይ የሚገባው በክረምት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። አንደኛ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ሆቴል የሚያድር ሰው የዚያን ብርድ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ቦታው የክረምት ቦታ ብቻ አይደለም። ከ430,000 በላይ የሃንጋሪ አይሁዳውያን ከአገራቸው የተጋዙት ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ 1944 ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ነው፤ በደማቅ ፀሐይ፣ ቅጠሉ ለምልሞ ባለበት። አብዛኞቹ በደረሱበት ቀን ተገደሉ። ጀርመኖች ራሳቸው ያነሷቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ እናቶች፣ ሕፃናትና አሮጊቶች ካፖርታቸውን ደርበው ከዛፎቹ ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ተራቸው እስኪደርስ እየጠበቁ ነው፤ የሚጠብቁት ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። ዛፎቹ ዛሬም በጋዝ ክፍሎቹ፣ ሰዎቹ በመርዝ ጋዝ በተገደሉባቸው ቤቶች፣ ፍርስራሽ አጠገብ ቆመዋል። በሜይ ወር ከሥራቸው የቆመ ሰው የሚሰማው የወፍ ድምፅ ነው፤ ያ ደግሞ ከብርዱ የበለጠ ይከብዳል።

ሁለቱንም፣ ጸጥታውንና ብርሃኑን፣ አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ወይም በማርች ይሂድ፤ ከሥራ ቀናት በአንዱ፣ ጠዋት። እኔ ከሁለቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የትምህርት ቤት ቡድኖች አሉ እንጂ የበጋው ጎርፍ አልፏል፤ ነጭ ልጥ ያላቸው በርች የሚባሉት ዛፎች፣ ቢርከናው ስሙን ያገኘባቸው፣ ቢጫ ይሆናሉ። ጭቃ ስለማይጠፋ ጫማ ማሰብ ነው። ኤፕሪልና ሜይ ውብ ቢሆኑም የተማሪዎች ጉዞ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው።

ቦታው ሰኞን ጨምሮ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ክፍት ነው። የሚዘጋው ጃንዋሪ 1፣ ዲሴምበር 25 እና የፋሲካ እሑድ ነው። ፋሲካ ሲባል የካቶሊኮቹ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚገጥመው በአንዳንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ የራስን ባሕረ ሐሳብ ይዞ ቀን መቁረጥ ያሳስታል።

የመታሰቢያ ቀኖቹ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የሶቪየት ጦር ወደ ካምፑ የገባው ጃንዋሪ 27 ቀን 1945 ነው፤ በእኛ ጥር 19 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በስምንተኛው ቀን። ወታደሮቹ ያገኙት 7,000 የሚሆኑ እስረኞችን ነበር፤ አብዛኞቹ ታመውና ተዳክመው ለሞት የቀረቡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ወደ 60,000 የሚጠጉት በበረዶ ውስጥ በእግር ተነድተው ተወስደዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2005 ጃንዋሪ 27ን ዓለም አቀፍ የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ) መታሰቢያ ቀን ብሎ ሰይሞታል። ከዚህ ሌላ ጁን 14 አለ፤ በ1940 የመጀመሪያዎቹ 728 ፖላንዳውያን እስረኞች ከታርኑፍ የመጡበት ቀን ነው። ኦገስት 2 ደግሞ በ1944 በሮማዎች ካምፕ የቀሩት ከ4,000 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ በአንድ ሌሊት የተገደሉበት ነው። በእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ኒሳን 27 ላይ፣ ከ1988 ጀምሮ «የሕያዋን ጉዞ» የሚባለው ሰልፍ ይካሄዳል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአውሽዊትዝ አንድ ተነስተው ወደ ቢርከናው በእግር ይሄዳሉ።

በእነዚህ ቀናት መሄድ ያለበት ሊያስታውስ የሚሄድ ሰው ነው። ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ የሚሄድ ሰው ግን ሌላ ቀን ቢመርጥ ለራሱም ለሌሎችም ይጠቅማል። በጃንዋሪ 27ና በሰልፉ ዕለት ለግለሰብ ጎብኚ መግቢያው ይገደባል፤ ከዚህም በላይ ቀኑ የተረፉት አዛውንቶችና የቤተሰቦቻቸው ነው።

ከእስራኤል በትምህርት ቤት ጉዞ ወደ ፖላንድ ከሚሄዱት ተማሪዎች መካከል የቤተ እስራኤል ልጆችም አሉ። ለእነሱ የዚህ መታሰቢያ ቀን መቁጠሪያ ከሌላ ኀዘን ጋር ጎን ለጎን ይኖራል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያድ ቫሼም የሚባለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም የሚገኝበት የሄርዝል ተራራ፣ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ካምፖች ላለቁት የኢትዮጵያ አይሁዳውያን የቆመ መታሰቢያም አለው፤ መንግሥታዊው የመታሰቢያ ሥርዓት የሚደረገው በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢያር 28 ላይ ነው። በኒሳንና በኢያር መካከል ያለው አንድ ወር ነው። በዚያ ሰሞን ኢየሩሳሌም ያለ ሰው ሁለቱንም መታሰቢያዎች በእግሩ ሊደርስባቸው ይችላል። ያድ ቫሼም መግቢያው ነፃ ሲሆን ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ይዘጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ከክራኮቭ የሚነሱ ጉዞዎች አንዳንዶቹ አውሽዊትዝንና የቪየሊችካን የጨው ማዕድን በአንድ ቀን ያጣምራሉ። ገንዘብና ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ነው። ይህን ባያደርጉት እለምናለሁ። ከቢርከናው የወጣ ሰው ወዲያው ሌላ መስህብ ሊያይ መሮጥ የለበትም፤ ያ ምሽት ባዶ ይሁን፣ ዝም የሚባልበት።

ቀኑን በሙሉ የመደበ ሰው ደግሞ ብዙው ጎብኚ የማያየውን ያያል። የቡድን ጉብኝት ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ቢርከናው ውስጥ ባለው የባቡር ሐዲድ መጨረሻ፣ በሁለቱ የጋዝ ክፍሎች ፍርስራሽ መካከል ባለው ሐውልት ዘንድ ነው። አስጎብኚው ሲሰናበት እዚያ መቅረት ይቻላል። ከዚያ ወደ ዛፎቹ አቅጣጫ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጥቂት ከተሄደ «ሳውና» የሚባል ረጅም የጡብ ሕንፃ ይገኛል፤ ከግድያው የተረፉት አዲስ እስረኞች ልብሳቸው የሚገፈፍበት፣ ፀጉራቸው የሚላጭበትና ቁጥር የሚነቀስባቸው ቤት ነበር። ዛሬ በመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎቶግራፎች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ በካምፑ የተገኙ ወደ 2,400 የሚጠጉ የቤተሰብ ፎቶዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ቤንጂንና ሶስኖቪየትስ ከሚባሉት የፖላንድ ከተሞች የመጡ ሰዎች ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። ሠርግ አለ፤ ፎቶ ቤት ቆሞ የተነሳ ልጅ አለ፤ ለሽርሽር ወጥተው የሚስቁ ወጣቶች አሉ። ለጉዞ ያዙ ሲባሉ ከሻንጣቸው ያስገቡት እነዚህን ነበር። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ፣ በኦክቶበር፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሰው የለም።