ስለ 1951ዱ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1951 የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን 9 ጨዋታ አድርጎ 9ኙንም አሸነፈ፤ ሆኖም በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ላይ በግብዣ ከሚካሄዱት፣ «ቦውል» ከሚባሉት ግጥሚያዎች አንዱም አልጠራውም። እዚህ ካሊፎርኒያ ለሚያድጉ ልጆች ታሪክ ሳስተምር ይህን ባነሳሁ ቁጥር፣ ወላጆች ሳይቀሩ ያንኑ የተሳሳተ ምክንያት ይደግሙልኛል።

«ያልተጋበዙት ተጋጣሚዎቻቸው ደካሞች ስለነበሩ ነው።» የተጋጣሚዎቻቸው ዝርዝር ከባድ እንዳልነበረ አልክድም፤ የጦር ሰፈር ቡድኖች ጭምር ነበሩበት። ነገር ግን ይህን የሚል ሰው ውጤቶቹን ገልጦ አላየም። በኅዳር ወር 47 ለ 14 የረቱት የፓሲፊክ ኮሌጅ በሰን ቦውል እንዲጫወት ሲጋበዝ፣ አሸናፊው ቤቱ ቀረ። ኒው ዮርክ ድረስ ተጉዘው ፎርድሃምን 32 ለ 26 ባሸነፉበት ቀን የቡድኑ ተጫዋች ኦሊ ማትሰን ከማስጀመሪያ ምት የተቀበለውን ኳስ ሁለት ጊዜ ሜዳውን አቋርጦ ለተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን እስከ ተጋጣሚ የመጨረሻ ክልል በማድረስ ለሚገኝ ነጥብ፣ አብቅቶታል። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ካሉ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ኳስ ይዞ በመሮጥ በሸፈነው ርቀት ቀዳሚ የሆነውም እሱ ነው፤ 1,566 ያርድ፣ 21 ተችዳውን። ታዲያ ድካሙ የቱ ላይ ነው?

እውነተኛው ምክንያት ዘር ነበር። ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ ማትሰንንና በርል ቶለርን፣ ማለትም ሁለቱን ጥቁር ጓደኞቻቸውን፣ ትተው ቢሄዱ የማያሚው ኦሬንጅ ቦውል እንደሚቀበላቸው ከአሰልጣኛቸው ከጆ ኩሃሪች ሰምተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ የተመለሰው ጂኖ ማርኬቲን ጨምሮ ሁሉም እምቢ አሉ። ጥር 1 ቀን 1952 ማያሚ ላይ የተጫወቱት ጆርጂያ ቴክና ቤይለር በወቅቱ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበራቸውም።

«ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን የበተነው ተጫዋቾቹን ለመቅጣት ነው።» አይደለም። ቡድኑ የፈረሰው ወጪው ከገቢው በልጦ ስለከበደ ነው፤ ሴንት ሜሪስና ሳንታ ክላራ የተባሉት የአካባቢው የካቶሊክ ኮሌጆችም በእነዚያው ዓመታት ፉትቦልን አቁመዋል።

«ተጫዋቾቹ ተረስተው ቀሩ።» ማትሰን፣ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር በፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ውስጥ ናቸው።

«ቶለር የተጫዋችነት ዘመኑን ያጣው በዘረኝነት ነው።» ያስቆመው በ1952 የደረሰበት የጉልበት ጉዳት ነው። እሱም በ1965 በብሔራዊ ፉትቦል ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ የሊጉ ኮሚሽነር የነበረው ፒት ሮዜል በ1951 የዚሁ ቡድን የዜና ኃላፊ ነበር።

ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ የምትነግሩ ሁሉ እባካችሁ ከፓሲፊኩ ጨዋታ ጀምሩ። ልጆች 47 ለ 14 የሚለውን ውጤት አስቀድመው ሲሰሙ፣ የተሸነፈው ቡድን ተጋብዞ ያሸነፈው ለምን እንደቀረ ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ የማትሰንንና የቶለርን ስም የምትጠሩትም ያኔ ነው።