ከሐረጎ ላይና ታች፦ የቆሰለና እናቱን ያጣ የዱር እንስሳ እንክብካቤ በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የቆሰለ ወይም እናቱን ያጣ የዱር እንስሳ ሲገኝ፣ መጀመሪያ የሚደርስለት አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያ አይደለም። እረኛ ነው። ገበሬ ነው። ወይም በሌሊት የሚያሽከረክር ሹፌር ነው። በአገራችን እንዲህ ዓይነት እንስሳትን ተቀብሎ በማሳደግና በማከም የሚታወቀው ማዕከል እንስሳኮቴ ይባላል። ሆለታ አቅራቢያ በ77 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈ ሲሆን የሚመራው ቦርን ፍሪ በተባለ የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ደሴ ግን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሆለታ ደግሞ ከአዲስ አበባም አልፎ በስተምዕራብ ነው። ገና ጡት የሚጠባ የጭላዳ ዝንጀሮ ልጅ ይህን መንገድ ዝም ብሎ አይችለውም። ስለዚህ እዚህ እንክብካቤ ሲባል ከሁሉ በፊት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ነው። እንስሳው የሚድነውም የሚሞተውም ብዙውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ነው።

ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም የአየር ጠባያቸው ለየቅል ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል። ለእንስሳ አሳዳጊ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ላይ የተገኘ ጨቅላ ቀድሞ የሚገድለው ብርድ ነው። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ቆላ ደግሞ የውሃ ጥም ይቀድማል።

ከኮምቦልቻ በላይ የየጎፍ ደን አለ። በምዕራብ በኩል፣ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ የደንቆሮን ደን የያዘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና ድኩላ ይኖሩበታል። ጅብ፣ ጦጣ፣ ሚዳቋና አሞራ ግን ፓርክ አያስፈልጋቸውም። ከሰው ጋር ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ጉርብትና ነው። ጅብ በሌሊት መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ይገጨዋል። ማሽላ ልትበላ የገባች ጦጣ ስትገደል ልጇ ሆዷ ላይ እንደተጣበቀ ይገኛል። ትልልቅ አሞሮች የኤሌክትሪክ ሽቦ ይይዛቸዋል። ጉጉት ሟርተኛ ነው ተብሎ በወንጭፍ ይመታል። ይሄ የመጨረሻው ሁሌም ያሳዝነኛል፤ ጉጉት በአንድ ሌሊት ስንት አይጥ ከጎተራችን እንደሚያነሳ ብናስብ እጃችን ወደ ድንጋይ አይሄድም ነበር።

እናት አለው ወይስ የለውም?

«እናት የሌለው» ተብለው ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ እናት አላቸው። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ሚዳቋ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ለግጦሽ ትሄዳለች። ግልገሉ ሰው አጠገቡ ቢደርስ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ተፈጥሮው ነው፤ ዝም ማለቱ ከአዳኝ ያተርፈዋል። እንጨት ለቃሚ ወይም እረኛ ያየውና «ወይኔ፣ እናቱ ጥላው ሄዳ» ብሎ አቅፎ ይመጣል። እናቲቱ ማታ ተመልሳ ባዶ ቁጥቋጦ ታገኛለች።

ጅብም እንደዚሁ ነው። የጅብ ግልገል ሲወለድ ዓይኑ የተከፈተ ነው። እናቱ ለረጅም ሰዓት ጉድጓድ ላይ ትታው ልትሄድ ትችላለች። የምታጠባውም ከአንድ ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ግልገል እናቱን እየጠበቀ ነው እንጂ አልተጣለም። ላባ ለብሶ ገና በደንብ የማይበር የወፍ ጫጩት መሬት ላይ ሲንፈራገጥ ቢገኝም ብዙ ጊዜ መብረር እየተማረ ነው። ወላጆቹ ዛፉ ላይ ሆነው ያዩታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰው ራቅ ብሎ፣ ውሻና ልጆችን አስወግዶ፣ ለጥቂት ሰዓታት ከሩቅ ይጠብቅ። ግልገሉ ቁስል ካለበት፣ ዝንብ ከወረረው፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም የእናቱ ሬሳ አጠገቡ ካለ ያኔ ይነሳል። ተነስቶ የመጣ ግልገልም በዚያው ቀን ወደተገኘበት ቦታ ቢመለስ እናቱ ልትቀበለው ትችላለች። የሰው ሽታ ነክቶታልና አትቀበለውም የሚባለው ነገር እውነት አይደለም።

የመጀመሪያው ሰዓት

እኛ ወሎዎች የተጨነቀ ሰው ስናይ «አብሽር» ብለን ጀርባውን እናሻሻለን። ለዱር እንስሳ ይህ አይሆንም። የሰው ድምፅና የሰው እጅ ለእሱ የአዳኝ ድምፅና የአዳኝ ጥርስ ነው። ዝም ያለው ተረጋግቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው። በተለይ ሚዳቋና ድኩላ ሲባረሩና ሲያዙ በድንጋጤ ጡንቻቸው ይጎዳል፤ ቁስል ሳይኖርባቸው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊሞቱ ይችላሉ። ለእነሱ ደግነት ማለት ጨለማ፣ ጸጥታና ለብቻ መሆን ነው። አየር የሚያስገባ ካርቶን፣ ውስጡ የተነጠፈ ጨርቅ፣ ከላይ ሸፈን ማድረግ። ሞባይል ይዞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ይወጣል።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። በሀይላንድ ጠርሙስ የሞቀ ውሃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በካርቶኑ አንድ ጎን ማስቀመጥ። በአንድ ጎን የሚባለው እንስሳው ከሞቀው ሸሸት ማለት እንዲችል ነው። ከዚያ በፊት ወተት መስጠት ስህተት ነው። የቀዘቀዘ ሆድ ምግብ አይፈጭም፤ ወተቱ ውስጡ ይበላሻል። ብዙ ጨቅላ የሚሞተው በረሃብ ሳይሆን በርኅራኄ በተሰጠው ወተት ነው።

ሲሞቅ መጀመሪያ የሚሰጠው ፈሳሽ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ኦ አር ኤስ ይሆናል። እሱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ለወፍ ግን በአፍ ውሃ ማንቆርቆር ክልክል ነው። የወፍ የአየር ቧንቧ ቀዳዳ ምላሱ ሥር ስለሆነ ውሃው በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል።

ሕክምናውን በተመለከተ አካባቢው ባዶ አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። ኮምቦልቻ ለምሥራቅ አማራ የሚያገለግል የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይሠራል። ሐኪሞቹ ውለው የሚያድሩት ከከብት፣ ከፍየልና ከአህያ ጋር ነው። ይህ እንደ ጉድለት መታየት የለበትም። የፍየል እግር በአግባቡ የሚጠግን ሰው ለሚዳቋ እግር ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱም አመንዣጊ ናቸው። የሚለየው አያያዙ ነው። ፍየል ታስሮ ይታከማል፣ ሚዳቋ በቀስታና በአጭር ጊዜ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ።

ቀኑ እንዴት ይውላል

ጨቅላ የሚያሳድግ ሰው ቀኑ የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ በሚዛን ነው። እንስሳው በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ ሳይጠባ፣ ይመዘናል። ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ዓይን ይሳሳታል፤ የሚወዱት እንስሳ ሁሌ የወፈረ ይመስላል። ሚዛን ግን ሁለት ቀን ተከታትሎ ከቀነሰ አንድ ነገር እንደተበላሸ ይናገራል። ወተቱም የሚሰላው ከዚሁ ነው። ለብዙ ጨቅላ አጥቢዎች በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ነው። 600 ግራም የሚመዝን ልጅ 30 ሚሊ ሊትር ይጠባል ማለት ነው። ገና የተወለደ ከሆነ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ከሳምንት በላይ አይችለውም፤ ተረኛ ያስፈልጋል።

የወተቱ ዓይነት እንደ እንስሳው ነው። ለጦጣና ለጭላዳ የሰው ሕፃን የዱቄት ወተት ይስማማል። ለሚዳቋ የፍየል ወተት ይሻላል። ለጅብ ግን ሁለቱም ቀጭን ናቸው፤ የጅብ ወተት ከየብስ ሥጋ በሎች ሁሉ በፕሮቲን የከበረ ነው፤ ስቡም ብዙ ነው። ተራ የላም ወተት ለአብዛኞቹ ተቅማጥ ያመጣል።

አጠባቡ ራሱ ሙያ ነው። እንደ ሰው ልጅ በጀርባ አስተኝቶ ጡጦ መስጠት ወተቱን ወደ ሳንባ ይከተዋል። በሆዱ ተኝቶ ወይም ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ መጥባት አለበት። ወተት በአፍንጫ ከወጣ ወዲያው ይቆማል። ከጠባ በኋላ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ከጭራው ሥር ቀስ አድርጎ መጥረግ ይከተላል። ብዙ ጨቅላዎች ያለዚህ ሽንታቸውንም አይሸኑም። በዱር ይህን የምታደርገው እናት ናት፣ በምላሷ። ጡጦው በፈላ ውሃ ይታጠባል። ጨርቁ ይቀየራል። ከዚያ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንደገና።

የጭላዳ ልጅ ከወተት ሌላ አንድ ነገር ይፈልጋል። የሚጣበቅበት። በዱር ቀኑን ሙሉ የእናቱን ጸጉር ጨብጦ ነው የሚውለው። ስለዚህ ጸጉራም ጨርቅ ወይም የበግ ቆዳ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሲያድግ ሣር መንጨት መልመድ አለበት። ጭላዳ ከምግቡ የሚበልጠው ሣር ነውና ዳቦና ሙዝ እየበላ ያደገ ጭላዳ መንጋው ውስጥ ቢገባ አብሮ መዋል አይችልም። ቶሎ ከሌሎች ጭላዳዎች ጋር መገናኘቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ያን ሰው ሊያስተምረው አይችልም።

ጥንብ አንሳ

ስለ ጥንብ አንሳ ትንሽ ልቆይ፤ የሚቆረቆርለት ጥቂት ነው። በከተማ ዳር የሚጣል ሥጋና አጥንት የሚያጸዳልን እሱ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ ዝርያዎች በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ሞት ቶሎ አይተካም። ለውሻና ለጅብ በሚቀመጥ መርዝ ያልታሰቡት እነሱ ያልቃሉ።

ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳ ሲያዝ መጀመሪያ የሚያደርገው ማስመለስ ነው። ራሱን መከላከሉ ነው፣ በሽታ አይደለም። እግሩ ደካማ ነው፤ መጠንቀቅ የሚገባው ከመንቁሩ ነው። በጭልፊትና በንስር ይህ ይገለበጣል፣ አደጋው ጥፍሩ ነው። የወፍ አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ በደንብ ከታሰረ ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ነገር ግን ክንፍ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ከቆየ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ አጥንቱ ድኖ መብረር ይቀራል።

ምግቡ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይታለፍ። የሞተ ከብት ወይም አህያ ሥጋ የሚያመጣ ሰው «ከመሞቱ በፊት ምን ተወጋ?» መባል አለበት። ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ በሕንድና በጎረቤቶቿ ጥንብ አንሶችን በሚሊዮን የጨረሰ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ የተሰጠውን ከብት ሥጋ የበላ ወፍ ኩላሊቱ ይሞታል።

ለሰውም ጥንቃቄ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገድላል። ጅብ፣ ቀበሮና ማንኛውም አጥቢ ሊይዘው ይችላል። ጨቅላም ቢሆን ያለ ጓንት አይነካም። ከሰው የማይሸሽ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ የሚወላገድ እንስሳ አይቀረብም። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። «ትንሽ ጭረት ናት» የሚለው ንግግር ብዙ ቤት አዘግቷል።

ሕጉም አለ። በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማኖር ክልክል ነው። ስለዚህ እንስሳ ያነሳ ሰው ለወረዳው ወይም ለቅርብ ፓርክ ማሳወቅ አለበት። ቤት ያሳደጋት ጦጣ ልጅ እያለች ትታቀፋለች፤ ስትጎለምስ ትናከሳለች፤ ከዚያ ግንድ ላይ በሰንሰለት ትታሰራለች። ልጅ ሆኜ እንዲህ የታሰረች አንዲት ጦጣ አይቻለሁ። ሰንሰለቱ በደረሰበት ክብ ሣሩ ሁሉ አልቆ መሬቱ ተላጭቶ ነበር።

መልቀቅ

ጥሩ ምሳሌ ከስሜን አለ። በ2012 ዓ.ም. እግሩ በጥይት የተሰበረ ወንድ ቀይ ቀበሮ ስሜን ተራሮች ላይ ተገኘ። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸውና የአንዱ ሕይወት ቀላል አይደለም። እዚያው ብርዱ ላይ በተሠራ ጊዜያዊ መጠለያ 50 ቀን ያህል ታከመ። ስሙንም ተረፈ አሉት። ሲድን አንገቱ ላይ መከታተያ ታስሮለት ወደ ተራራው ተለቀቀ። ሰዎቹ ወደ ሩቅ ከተማ አለመውሰዳቸውና አለማላመዳቸው ለእኔ ከሕክምናው እኩል ትልቅ ሥራ ነው።

ለመልቀቅ የደረሰ እንስሳ የሚታወቀው ሰው ሲያይ በመሸሹ ነው። አሳዳጊውን እየተከተለ የሚሄድ ገና ነው። የሚለቀቀው በተገኘበት አካባቢ፣ ሆዱ ጠግቦ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ነው። አሞራ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ገደሉን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ ይለቀቃል። ጅብ ሲመሽ። ሣጥኑ ወደ ጫካው አፉን አዙሮ ይቀመጣል፣ ክዳኑ ይነሳል፣ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዳንዱ ወዲያው ይፈተለካል። አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ያሸታል። አይገፋም፤ ይጠበቃል።