በጎጃም የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን የማስቀረት ጥረት

ጎጃም ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ጤፉና ቅቤው ነው። የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ሲባል ደግሞ ድርቅና ረሃብ ይታየናል። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ አይመስሉም። ግን የጎጃም መሬት አብቃይ በመሆኑ ሥራው ብዙ ነው። እረኛ፣ አራሚ፣ አጫጅ ይፈለጋል። የየቤቱ ማሳ ደግሞ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠብቧል። መሬት ያነሰው ቤት ያለው ሀብት ጉልበት ነው፤ ከጉልበት ሁሉ ርካሹም የልጅ ነው።

ቅጥር እረኛውን እንይ። ዕድሜው አሥር ወይም አሥራ አንድ ይሆናል። የሚዋዋሉት አባቱና የከብቱ ባለቤት ናቸው። ክፍያው የዓመት ነው፤ በብር ወይም በእህል። ልብስና ኮንጎ ጫማም ይታሰብለታል። ጠዋት ከብቱን ይዞ ይወጣል። ክረምት ሲሆን ገሳውን ደርቦ ዝናብ ላይ ይውላል። በሬ አምልጦ የሰው አዝመራ ከገባ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኩዮቹ ደብተር ይዘው በአጠገቡ ያልፋሉ።

ልጅ ለወላጁ ቢላላክ፣ ውሃ ቢቀዳ፣ ቅዳሜ ከብት ቢጠብቅ ብዝበዛ አይባልም። ሁላችንም ያደግነው እንዲያ ነው። ችግሩ ሥራው ትምህርቱን ሲነጥቀው ወይም ጤናውን ሲጎዳው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም የሚለው ይህንኑ ነው። ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ያዛል።

ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ሁለት ዋና ስምምነቶች አጽድቃለች። ስለ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ የሚናገረውን ቁጥር 138 በ1991፣ እጅግ አስከፊ የሚባሉትን ሥራዎች የሚከለክለውን ቁጥር 182 ደግሞ በ1995 ዓ.ም.። የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለቅጥር 14 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ 15 ከፍ አደረገው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም። የሌሊት ሥራና የትርፍ ሰዓት ሥራም ተከልክሏል። በጎ ሕግ ነው።

ግን ሕጉ የት ድረስ ይደርሳል? የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የለመደው ፋብሪካና የግንባታ ቦታ ነው። በፈረንጆቹ 2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 42.7 በመቶው፣ ማለትም 16 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ በጉልበት ብዝበዛ ውስጥ ነበሩ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ግብርና ላይ ነው። እዚያ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

መታወቂያው ራሱ ችግር ነው። አሥራ አምስት ሞልቶታል ወይስ አልሞላውም የሚለውን በምን ታረጋግጣለህ? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው እናቱ «በእንትን ዓመት ነው የወለድኩት» ስትል ነው። ደላላ «አሥራ ስምንት ነኝ በል» ካለው ነገሩ አበቃ።

ደላላው ደግሞ መናኸሪያ ላይ ነው። የአረምና የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ከጎጃም ደጋ ብዙ ሰው ወደ መተማና ሑመራ ሰሊጥ እርሻዎች ይወርዳል። ታዳጊዎችም አብረው ይሄዳሉ። ቆላው ለደገኛ ልጅ ክፉ ነው። ወባ አለ፤ ካልታከመ የሚገድለው ካላዛርም አለ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው መነገድን በከባድ ቅጣት ያስቀጣል። እንደኔ ግን መናኸሪያ ላይ «ይህ ልጅ ከማን ጋር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ማቆም ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

የልጃገረዶቹ መንገድ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ያለዕድሜ ጋብቻ ሸሽተው ወይም «ላስተምርሽ» ተብለው ከገጠር ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይገባሉ። የቤት ሠራተኛ ይሆናሉ። የግል አገልግሎት ቅጥር ከአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ውጭ ስለተደረገ እነሱን የሚጎበኝ ተቆጣጣሪ የለም። ለዚህ ነው ብሩህ ተስፋ የተባለው ፕሮግራም ልቤን የነካው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ከአጋሮች ጋር የጀመረው ሲሆን ባሕር ዳርም ገብቷል። ሴት መካሪዎች ቤት ለቤት እየሄዱ አሠሪዋን «በሳምንት ጥቂት ሰዓት ልቀቂልን» ብለው ይለምኑ ነበር። ልጅቷ ወጥታ ፊደል ትቆጥራለች፣ ጓደኛ ታገኛለች። ሕጉ ያልደፈረውን በር በልመና ከፈቱት።

ያም ሆኖ ከሁሉ የሠራው ትምህርት ቤትን ወደ መንደር ማቅረቡ ነው። በክረምቱ መጨረሻ መምህራንና የቀበሌ ሠራተኞች ለተማሪ ምዝገባ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለእያንዳንዱ አባወራ «ልጅህን አስመዝግብ» ይሉታል። ብዙ ልጅ በዚህ ገብቷል። ቅጥር እረኛው ግን ያን ጊዜ አባቱ ቤት የለም። ሌላ ቀበሌ፣ የሰው በረት አጠገብ ነው። መዝጋቢው የከብቱን ባለቤት ስለ ገዛ ልጆቹ ነው የሚጠይቀው እንጂ ስለ ከብት ጠባቂው ልጅ አይደለም። «ይህ ልጅስ የማን ነው?» የሚል አንድ መስመር መዝገቡ ላይ ቢጨመር ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ደወል ሳይሰማ የከረመ ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከብት ተከትሏል፣ ከተማ ወርዶ ሊስትሮ ሆኗል፣ ቆላ ወርዷል። ትምህርት ቤቱ በመስከረም ቢከፈት እንኳ የእረኛው የዓመት ውል ገና አላለቀም።