የስሞል ብሎክ የውድድር ሞተር ግንባታ

ስሞል ብሎክ የአሜሪካ መኪና አምራቾች በመጠን አነስ፣ በክብደት ቀለል ላሉት የቪ-8 (ስምንት ሲሊንደሮች በV ቅርጽ የተደረደሩባቸው) ሞተሮቻቸው የሰጡት መጠሪያ ነው። ከእነዚህ ይበልጥ የሚታወቀው በኤድ ኮል መሪነት ተነድፎ ለ1955 እ.ኤ.አ. የሼቭሮሌት መኪኖች የቀረበው ባለ 265 ኪዩቢክ ኢንች (4.3 ሊትር) ሞተር ሲሆን፣ ፎርድም በ1962 የራሱን ይዞ መጥቷል። የሼቭሮሌቱ ሞተር በ1967 ወደ 350 ኪዩቢክ ኢንች (5.7 ሊትር) ሲያድግ እንኳ የሲሊንደሮቹ የመሐል ለመሐል ርቀት ከ4.4 ኢንች አልተለወጠም፤ የአንዱን ሞተር ክፍል ከሌላው ጋር ማዳቀል የተቻለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ግንባታው የሚጀምረው ከውድድሩ ደንብ ነው። ትራንስ-አም የተባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር የሞተር ይዘትን በ5 ሊትር ሲገድብ ሼቭሮሌት የባለ 327 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩን ሰፊ ሲሊንደር ከባለ 283ቱ አጭር ምት (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ከሚጓዘው ርቀት) ጋር አዋህዶ በከፍተኛ ዙር የሚሠራውን 302 አወጣ። በተቃራኒው፣ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ጉልበት የሚፈልግ ገንቢ የ350ውን ሲሊንደር በ0.030 ኢንች አስፍቶ ምቱ የሚረዝመውን የ400ውን ክራንክሻፍት (የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ወደ ዙር የሚለውጠውን ክፍል)፣ ወፈር የሚሉትን ዋና አንገቶቹን (በብሎኩ ላይ ተደግፈው የሚዞሩትን ክብ ክፍሎቹን) አስሞርዶ ይገጥምበታል፤ ይዘቱም 383 ኪዩቢክ ኢንች ይሆናል። ምቱ ሲረዝም ግን ፒስተኑ በዚያው ዙር የበለጠ ይፈጥናል፤ ዙሩ በደቂቃ ከ7,000 ወደ 8,000 ከፍ ሲል ደግሞ በፒስተኑና እሱን ከክራንክሻፍቱ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ ላይ የሚያርፈው የጉተታ ኃይል 30 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በቅጥቀጣ የተሠሩ ጠንካራ ክፍሎች የግድ ይሆናሉ።

የፈረስ ጉልበቱ የሚወሰነው በዋናነት በቴስታታው (ቫልቮቹን በያዘው የሲሊንደሮቹ ክዳን) የአየር ማሳለፍ አቅም ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ከቴስታታው፣ ከመጭመቂያ ሬሾው (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ ከሚያሳየው ልክ) እና ሞተሩ ከሚውልበት የዙር ክልል ጋር ተናብቦ መመረጥ አለበት፤ ከልክ በላይ ትልቅ (ቫልቮቹን አብዝቶ የሚከፍት) ካምሻፍት መኪናው ከመታጠፊያ ሲወጣ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይነጥቃል።

ጥሩ ገንቢ ከሌላው የሚለየው ግን በልኬት ነው ማለት ይቻላል። የቴስታታ ቡሎኖች ሲጠብቁ የሲሊንደሩን ግድግዳ በጥቂቱ ስለሚያዛቡት፣ ሲሊንደሩ የመጨረሻውን ልስላሴ የሚያገኘው ወፍራም የብረት ሳህን በቴስታታው ምትክ ታስሮበት ነው። በክራንክሻፍቱ አንገትና በብሮንዚናው (አንገቱ በሚዞርበት መሸከሚያ) መካከል የሚተወው የዘይት ክፍተት በተለምዶ ለእያንዳንዱ ኢንች የአንገት ስፋት አንድ ሺህኛ ኢንች ገደማ ነው፤ ከዚያ ከጠበበ ዘይቱ እንደልብ አይገባም፣ ከሰፋ ግፊቱ ይወርዳል። ቫልቭና ፒስተን እንዳይጋጩ ለማረጋገጥ ደግሞ በፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ የቅርጻ ቅርጽ ጭቃ ይለጠፋል፤ ቴስታታው ለጊዜው ታስሮ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ከተሽከረከረ በኋላ ይፈታና፣ ቫልቭ የረገጠው ጭቃ ተቆርጦ ውፍረቱ ይለካል። የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ለአስገቢው ቫልቭ 2 ሚሊሜትር፣ በሙቀት ለሚረዝመውና ፒስተኑ ከኋላው ለሚከተለው አስወጪ ቫልቭ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

በረዣዥም መታጠፊያዎች ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፖምፓው አየር እንዳይስብ፣ ደንቡ በሚፈቅድበት ውድድር ዘይቱ ከሞተሩ ውጭ ባለ ጋን ይቀመጣል። የተጠናቀቀው ሞተር በዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ተፈትኖ የነዳጁና የእሳቱ ልክ ይስተካከላል። ከፈተናው በኋላ የዘይት ፊልትሮው ተቀድዶ የብረት ብናኝ ይፈለግበታል፣ የቫልቭ ክፍተቱ እንደገና ይለካል፣ የቫልቭ ሞላዎቹም ግፊታቸው መቀነስ አለመቀነሱ ይታያል።