የ1887ቱ የጌሊክ እግር ኳስ ሻምፒዮና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመጀመሪያው የመላው አየርላንድ የጌሊክ እግር ኳስ ሻምፒዮና የ1887ቱ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታው ኳስ በእጅም በእግርም የሚጫወቱበት የአየርላንድ ስፖርት ነው፤ ኳሱ ከአግዳሚው በታች ከገባ ጎል፣ በላይ ካለፈ ነጥብ ይባላል። ከአየርላንድ ካውንቲዎች (አውራጃዎች) ሊምሪክ አሸነፈ፣ ላውዝ ተሸነፈ፤ ውጤቱም 1 ጎል ከ4 ነጥብ ለ0 ጎል ከ3 ነጥብ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ያህል ብቻ ስለሆነ የቀረውን ከዛሬው ውድድር እየተዋሰ ይሞላዋል። የመጀመሪያዎቹ ሻምፒዮኖች ፍርድ የሚጓደልባቸውም እዚህ ላይ ነው።

«ፍጻሜው የተካሄደው በ1887 ነው»

ዓመቱ የሻምፒዮናው እንጂ የፍጻሜው አይደለም። ፍጻሜው የተካሄደው ሚያዝያ ወር ሊገባደድ ሲል፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1888 ነው። የዘገየው በአየር ጠባይ ወይም በሜዳ እጦት ሳይሆን ውድድሩን የሚመራው ማኅበር ራሱ ሊፈርስ ደርሶ ስለነበር ነው። የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 ተርልስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በኖቬምበር 1887፣ እዚያው ተርልስ ላይ በተጠራው ጉባኤ አየርላንድን ከብሪታንያ በኃይል ለማላቀቅ ይታገል የነበረው ምሥጢራዊ ድርጅት ደጋፊዎች አመራሩን ያዙ፤ ካህናቱና ተከታዮቻቸው ረግጠው ወጡ። እርቅ የወረደው በጃንዋሪ 1888 በተጠራ ሌላ ጉባኤ ነው። ለእርቁ ከደከሙት አንዱ የካሼል ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክሮክ ነበሩ። እርቁ ባይሳካ ኖሮ ያ ፍጻሜ መካሄዱም ያጠራጥር ነበር።

«በክሮክ ፓርክ፣ ለሳም ማጓየር ዋንጫ ነው የተጫወቱት»

የዛሬው የፍጻሜ ሜዳ ክሮክ ፓርክም ሆነ ዛሬ ለሻምፒዮኑ የሚሰጠው የሳም ማጓየር ዋንጫ ያኔ ገና አልነበሩም። ሜዳው በደብሊን ክሎንስኪ አካባቢ የሚገኘው ቢች ሂል ነበር። ማኅበሩ የጆንስ ሮድን ሜዳ ገዝቶ በሊቀ ጳጳሱ ስም ክሮክ ፓርክ ያለው በ1913 ነው፤ የሳም ማጓየር ዋንጫ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1928፣ ለኪልዴር ነው።

«ሁለት የካውንቲ ምርጥ ቡድኖች ተገናኙ»

በመዝገብ ላይ የካውንቲዎቹ ስም ይጻፍ እንጂ ሜዳ የገቡት ክለቦች ናቸው። በየካውንቲው ሻምፒዮን የሆነው ክለብ ካውንቲውን ወክሎ ይቀርብ ነበር። ሊምሪክን የወከለው ኮሜርሻልስ የከተማዋ የንግድ ቤቶች ተቀጣሪዎች ክለብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ጨርቅ የሚሸጡ ወጣቶች የአገር ሻምፒዮን ሆኑ ማለት ነው፤ በእኔ እምነት የዚያ ውድድር ትልቁ ታሪክ ይህ ነው። ላውዝን የወከለው የደንዳልኩ ያንግ አየርላንድስ ነበር። ሻምፒዮኑ ክለብ ከሌሎች የካውንቲው ክለቦች ተጫዋች እንዲወስድ የተፈቀደው በ1892 ነው።

በሜዳው ላይም እንደ ዛሬው 15 በ15 ሳይሆን 21 በ21 ሆነው ነው የተጋጠሙት። ቁጥሩ በ1892 ወደ 17፣ በ1913 ደግሞ ወደ 15 ወረደ። ቡድኖቹ ፍጻሜ የደረሱት በክፍለ ሀገር ሻምፒዮናዎች አልፈው ነው የሚለውም ትክክል አይደለም፤ የ1887ቱ ውድድር በቀጥታ ዕጣ የተደለደለ ሲሆን የክፍለ ሀገር ሻምፒዮና የመጣው በ1888 ነው።

«ሊምሪክ 7 ለ3 አሸነፈ»

በጣም የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው። አንድ ጎል ዛሬ እንደ 3 ነጥብ ስለሚቆጠር፣ 1 ጎል ከ4 ነጥብ ሲደመር 7 ይሆናል። በ1887 ግን እንዲህ ያለ ድምር አልነበረም። አንድ ጎል ከየትኛውም ብዛት ካለው ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ ነጥብ የሚታየው ሁለቱ ቡድኖች በጎል እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ሊምሪክ አንድ ጎል ሲኖረው ላውዝ ምንም ስላልነበረው ጨዋታው በዚያው ተወስኗል። ላውዝ 3 ሳይሆን 20 ነጥብ ቢያስቆጥርም ሻምፒዮኑ ሊምሪክ ነበር።

ሕጉ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበረ በ1891 ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ በግልጽ ታየ። የደብሊኑ ያንግ አየርላንድስ (ከደንዳልኩ ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰል ክለብ ነው) 2 ጎል ከ1 ነጥብ፣ ኮርክን የወከለው ክሎንድሮሂድ 1 ጎል ከ9 ነጥብ አስቆጠሩ። አሸናፊው ደብሊን ሆነ። ዛሬ ቢሆን ኮርክ 12 ለ7 ያሸንፍ ነበር። ጎል 5 ነጥብ እንዲሆን የተወሰነው በ1892 ነው፤ በዚያ ስሌትም ቢሆን ኮርክ 14 ለ11 ይመራ ነበር። ወደ 3 ነጥብ የወረደው በ1896 ነው። በዛሬው ሒሳብ የያኔዎቹን አሸናፊዎች መዳኘት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ሁሉም ቡድን ሕጉን አውቆ ነው የተጫወተው፤ ጎል ይህን ያህል በሚከብርበት ጨዋታ ነጥብ ለመልቀም የሚቸኩል አይኖርም።

የጎሉ ቅርጽም ዛሬ ከምናየው ይለያል። ከሁለቱ ቋሚዎች ውጭ፣ በግራና በቀኝ፣ ሌሎች ሁለት ቋሚዎች ይተከሉ ነበር። ከአግዳሚው በላይ ያለፈም ሆነ በጎኑ ቋሚ በኩል የሾለከ ኳስ ነጥብ ነው። ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና አንድ አግዳሚ ያሉት የዛሬው ጎል የመጣው በ1910 ነው።

«ሊምሪክ የሀርሊንግ አገር ነው፤ የእግር ኳሱ ድል አጋጣሚ ነበር»

ሊምሪክ ዛሬ በዱላ በሚጫወቱት ሀርሊንግ መታወቁ እውነት ነው፤ ከ2020 እስከ 2023 አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል። ነገር ግን የእግር ኳሱን ሻምፒዮና በ1896ም ደግሞታል፤ ያኔም የወከለው ያው ኮሜርሻልስ ነው። ሁለት ጊዜ የመጣን ድል አጋጣሚ ማለት ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ ግን ሦስተኛ አልጨመረም።

«በ1888 ሊምሪክ ክብሩን ተነጠቀ»

ማንም አልነጠቀውም፤ የ1888ቱ ሻምፒዮና ሳያልቅ ቀርቷል። በዚያ ዓመት መኸር ማኅበሩ 50 ያህል ስፖርተኞቹን አሜሪካ ልኮ ነበር፤ ዓላማው የጥንቱን የአየርላንድ ጨዋታዎች ድግስ ለማስነሣት ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ገንዘቡ አልተገኘም፤ ማኅበሩ ዕዳ ውስጥ ገባ፣ በርካታ ስፖርተኞችም እዚያው አሜሪካ ቀሩ። በሻምፒዮኖች ዝርዝር ላይ ከሊምሪክ ቀጥሎ የሚገኘው የ1889ኙ አሸናፊ ቲፐራሪ ነው።