በደም ምርመራ ቲኤስኤች ከፍ ሲል ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ለምን «ደከመ» ይባላል?

ግራ የሚያጋባው ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አለመሆኑ ነው። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ!» የምትልበት ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲለግም ትእዛዙ ይበረታል፤ ቁጥሩም ይወጣል። የአዋቂ መደበኛ መጠን ከ0.4 እስከ 4 ግድም ነው፤ በእርግዝና ግን ይለያል፣ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪም እንዲሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የታተመውን ወሰን ይመልከቱ።

ቲኤስኤች 7 ሆኖ ፍሪ ቲ4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) መደበኛ ከሆነ የታይሮይዱ ድካም ገና ጅምር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይደገማል። ፍሪ ቲ4 አብሮ ከወረደ ግን ሕክምና ያስፈልጋል።

የሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ኪኒን) መጠን ከተቀየረ ዳግም ለመመርመር ቢያንስ 6 ሳምንት ይጠብቁ፤ ቲኤስኤች ቀርፋፋ ነው። የዕለቱን ኪኒን ለምርመራው ደም ከሰጡ በኋላ ይውሰዱ። ለፀጉር የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚንም (ብዙ ሰው ለሐኪሙ አይናገረውም) የቲኤስኤችን ውጤት በሐሰት ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት ይቁም።